ለጠላት አብራሪ ማን ስም ያውጣለት?

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ይዞ ቤቴ መጣ፡፡ ልጁ የኮምፒውተር ጌም ይሠራል፡፡ አሁን የጀመረው የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎች የሚፋለሙበት ነው፡፡ "ጋሼ፣ የኛዎቹን ሰይሜ ጨርሻለሁ፤ ለክፉዎቹ ስም ያውጡልኝ" አለኝ፡፡ እስካሁን ያሰባቸውን አሳየኝ፤ "ቫይፐር"፣ "ሪፐር"፣ "ብላክ ዴዝ"፡፡ ሁሉም ከፈረንጅ ፊልም የተለቀሙ ናቸው፡፡

እኔ የመንዝ፣ የቀየት ልጅ ነኝ፡፡ የጦረኛ ስም ሲነሳ ቀድሞ የሚታየኝ አውሮፕላን ሳይሆን ፈረስ ነው፡፡ ስለዚህ ከፈረሱ ጀመርኩለት፡፡

ያገራችን ጦረኛ ከክርስትና ስሙና ከማዕረጉ ሌላ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፡፡ "አባ" ማለት እዚህ ላይ ባለቤት እንደ ማለት ነው፡፡ አፄ ቴዎድሮስ "አባ ታጠቅ"፣ አፄ ዮሐንስ "አባ በዝብዝ"፣ አፄ ምኒልክ "አባ ዳኘው"፣ ራስ አሉላ "አባ ነጋ"፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ "አባ መቻል"፣ ደጃዝማች ባልቻ "አባ ነፍሶ"፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ "አባ ጠቅል" ነበሩ፡፡ ልብ በሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ትእዛዝ ናቸው፡፡ ታጠቅ! በዝብዝ! ጠቅል! ጌታው ፈረሱን የሚያዝ ይምሰል እንጂ፣ ስሙ የሚነግረን ባለቤቱ በሌላው ላይ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ነው፡፡ ስሙም ከፈረሱና ከባለቤቱ በላይ ዕድሜ አለው፡፡ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃችን "ቃኘው" የተባለው በራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ በ"አባ ቃኘው" ነው፡፡

የዘመኑ አብራሪ የሬዲዮ መጥሪያ ስም ሌላ ጠባይ አለው፡፡ ጩኸትና ግርግር ባለበት ሬዲዮ የሚነገር ስለሆነ አጭርና ከሌላው ጋር የማይምታታ መሆን ይገባዋል፡፡ በአሜሪካኖቹ ዘንድ አብራሪው ስሙን ለራሱ አይመርጥም፤ ባልደረቦቹ ያወጡለታል፡፡ ብዙ ጊዜም የሚያወጡለት አንድ ቀን ከፈጸመው ስህተት ወይም ከአባቱ ስም ጋር በተያያዘ ቀልድ ነው፡፡ የኛ ፈረሰኛ ሲፎክር ጠላቱን ሊያስፈራ ነው፤ የእነሱ አብራሪ ግን በስሙ ይሳቅበታል፡፡

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ አንዷን ብቻ ያዘ፡፡ "በቃ! ዋናው ክፉ 'አባ በዝብዝ' ይባል!" አለ፡፡ ደነገጥኩ፡፡ "ተው ልጄ፣ ይኼ እኮ መተማ ላይ ላገሩ የወደቀ ንጉሠ ነገሥት ስም ነው" አልኩት፡፡ እሱ ግን አልለቀቀኝም፡፡ "የተበዘበዘው ገበሬስ ስሙን እንዴት ነበር የሚሰማው?" ብሎ ጠየቀኝ፡፡ እውነቱን ለመናገር፣ መልስ አላዘጋጀሁም ነበር፡፡

ጥያቄው ወደ 1928 ዓ.ም. መለሰኝ፡፡ ያኔ ለኛ ሰዎች ክፉዎቹ አብራሪዎች ልብ ወለድ አልነበሩም፡፡ የሙሶሊኒ አማች ጋሊያዞ ቻኖ ያዘዘው የቦምብ ጣይ ጓድ "ላ ዲስፔራታ" ይባል ነበር፤ "ተስፋ የቆረጠችው" እንደ ማለት ነው፡፡ ስሙን ያወጣላቸው ጠላት አይደለም፡፡ የፋሺስት ጎረምሶች ራሳቸው የሚኮሩበት ስም ነው፡፡ የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮም በዚያው ጦርነት አብራሪ ነበር፡፡ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ቦምብ የወደቀባቸውን ፈረሰኞች መበታተን ከአበባ መፍካት ጋር አመሳስሎታል፡፡ ለእሱ ከላይ ሲያዩት የሚያምር ነገር ነበር፡፡

ከታች ያሉትስ? አያቴ የጣሊያንን አውሮፕላን ቀየት ላይ ሆና አይታለች፡፡ ስትተርክልን ድምፁን፣ ከብቶቹ የበረገጉበትን መስክ፣ የተደበቁበትን ገደል ሁሉ ትጠራ ነበር፡፡ የአብራሪውን ስም ግን አንድም ቀን ጠርታ አታውቅም፡፡ ከየት አምጥታ! ፈረሰኛ ሲመጣ ፎክሮ፣ ስሙን ጠርቶ ነው፡፡ ያኛው ግን ፊቱ አይታይ፣ ስሙ አይሰማ፡፡ እሷ የምትለው "መጣ" እና "ሄደ" ብቻ ነበር፡፡

ፊልም ሠሪዎች ይህን ያወቁት ይመስለኛል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው "ቶፕ ገን" ጀግኖቹ "ማቬሪክ"፣ "አይስማን"፣ "ጉስ" እየተባሉ ሲጠሩ፣ የጠላት አብራሪዎች ፊታቸው በጥቁር መስታወት የተሸፈነ፣ ስም የሌላቸው ናቸው፡፡ ስም ከሌለው ሲወድቅ ማንም አያዝንለትም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የጃፓኖች ጌም "ኤስ ኮምባት 04" ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ፡፡ የጠላት ጦር ቁንጮ አብራሪ "ቢጫ 13" ነው፤ ቀለምና ቁጥር ብቻ፡፡ ታሪኩን የሚነግረን እሱ መትቶ የጣለው አውሮፕላን ቤቱ ላይ ወድቆ ቤተሰቡን የጨረሰበት ልጅ ነው፡፡ ልጁ ቀርቦ ሲያየው ግን ሰው ሆኖ ያገኘዋል፡፡ ያስጨነቀኝም ይኼው ነው፤ ጭራቅ ቢሆን ይቀል ነበር፡፡

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ እንዲህ አልኩት፡- "ክፉ የሚመስል ስም አትፈልግ፡፡ ማንም ራሱን 'ጥቁር ሞት' ብሎ አይጠራም፤ ቢልም ሊቀልድ ነው፡፡ ጓደኞቹ ሲያሞግሱት የሚጠሩትን ስም ስጠው፡፡ ከዚያ ያንኑ ስም ከታች ያለችው ሴት ብትሰማው ምን እንደሚሆንባት አስብ፡፡"

ተስማማን፡፡ ዋናው አብራሪ "አባ ጥረግ" ሆነ፡፡ አጭር ነው፣ ሬዲዮ ላይ አይምታታም፣ እንደ ፈረስ ስሞቹም ትእዛዝ ነው፡፡ ባልደረቦቹ ሰማዩን ጥረግ ይሉታል፤ የሚጠረገው ግን የሰው ቀዬ ነው፡፡ አንድ ነገር ብቻ አስቀየርኩት፡፡ በጌሙ ውስጥ ያሉት የመንደር ሰዎች "አባ ጥረግ" የሚለውን ስም በፍጹም አይናገሩም፡፡ እንደ አያቴ "መጣ" ብቻ ይላሉ፡፡