የነጋዴ ደብዳቤና የተቀባዩ ፈቃድ

በሜይ 3 ቀን 1978 እ.ኤ.አ.፣ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት በተባለው የአሜሪካ የኮምፒዩተር ኩባንያ የገበያ ሥራ ኃላፊ የነበረው ጋሪ ቱርክ፣ ኩባንያው በካሊፎርኒያ ለሚያሳየው አዲስ ኮምፒዩተር ታዳሚ ፈልጎ፣ የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው በአርፓኔት መረብ ለተገናኙ 400 ያህል ሰዎች ማንንም ሳያስፈቅድ አንድ ደብዳቤ በአንድ ጊዜ ቢልክ፣ ከተቀባዮቹና ከመረቡ አስተዳዳሪዎች ብርቱ ተግሣጽ ደረሰበት፤ እርሱ ግን ደብዳቤው ብዙ ገዢ እንዳስገኘ ኋላ ተናግሯል። የኢሜል ማስታወቂያ ጥቅሙም ነቀፌታውም በዚያች ዕለት አብረው ተወለዱ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። በዋሽንግተን ከተማ የበርበሬና የሽሮ መደብር ያለው ነጋዴ፣ የደንበኞቹን አድራሻ በመዝገብ ይዞ፣ አዲስ ዕቃ በገባ ወይም የፋሲካ በዓል በተቃረበ ጊዜ፣ በጥቂት ወጪ ለሁሉም በአንድ ሰዓት ሊያሳውቅ ይችላል፤ መዝገቡም የገዛ ሀብቱ ስለ ሆነ ፌስቡክ አሠራሩን በለወጠ ቁጥር ደንበኞቹ አይርቁበትም።

ነገር ግን በአገራችን ልማድ እንግዳ በሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ሳይጣራና «ይግቡ» ሳይባል እንደማይገባ ሁሉ፣ የሰው የመልእክት ሣጥንም ባለቤት አለውና፣ መንግሥታት ለዚህ ሥርዓት ደንግገዋል። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ አስቀድሞ ማስፈቀድን ባያስገድድም፣ ላኪው ማንነቱን እንዳይሰውር፣ የደብዳቤው ርእስ ሐሰት እንዳይሆን፣ የፖስታ አድራሻው እንዲጻፍ፣ «ይቅርብኝ» ያለውንም ሰው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲተወው ያዝዛል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ግን ከዚህ የጠበቀ ነው፤ ቀድሞ ደንበኛ ላልሆነ ግለሰብ ያለ ፈቃዱ ማስታወቂያ መላክን ይከለክላልና።

በኢትዮጵያም የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜል ማሰራጨትን በእስራትና በመቀጮ የሚያስቀጣ ወንጀል ካደረገ በኋላ፣ የላኪው እውነተኛ ማንነትና አድራሻ፣ እንዲሁም ተቀባዩ ወደ ፊት እንዳይላክበት የሚከለክልበት ቀላል መንገድ በደብዳቤው ውስጥ ካለ ላኪውን ከቅጣት ነፃ ያደርገዋል። ይህ በር ሰፊ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን አስተዋይ ነጋዴ በዚህ በር ሊተማመን አይገባውም፤ ምክንያቱም ከሕጉ ይልቅ የጠበቀ ዳኛ አለ።

ይኸውም የደብዳቤው አድራሽ ነው። ጉግል ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በቀን 5,000 ወይም ከዚያ በላይ ደብዳቤ ወደ ጂሜይል አድራሻዎች የሚልክ ሁሉ ላኪነቱን በቴክኒክ ማረጋገጫ እንዲያስመሰክር፣ ለተቀባዩም በአንድ ጠቅታ የሚያሰናብት መንገድ እንዲያኖር አዝዟል፤ ከ1,000 ደብዳቤ 3ቱ እንኳ «አይፈለጌ» የሚል አቤቱታ ቢቀርብባቸው፣ የዚያ ላኪ ደብዳቤ፣ ወደው የተመዘገቡት ደንበኞች የሚጠብቁት ሳይቀር፣ ወደ አይፈለጌው ሣጥን ሊጣል ወይም ከናካቴው ሊመለስ ይችላል። ተገዝቶ የመጣ የአድራሻ መዝገብ ነጋዴውን የሚጎዳው ስለዚህ ነው፤ የማያውቁት ሰዎች ቊጣ የሚያውቁትን ደንበኞች መንገድ ይዘጋበታል።

እንግዲህ ነጋዴ የሆናችሁ አንባቢዎቻችን፣ በብዙ ሺህ የሚቈጠር አድራሻ በርካሽ እሸጥላችኋለሁ የሚል ቢመጣ አትግዙት፤ ደንበኛውን በሱቃችሁ ሳለ ጠይቁት፣ የፈቀደበትንም ዕለት ከስሙ ጐን ጽፋችሁ ያዙ።