«ወለድ አይታሰብልኝ»

በመርካቶ ዙሪያ ባሉ ቅርንጫፎች ለሠሩ የባንክ ሠራተኞች «ሒሳቤ ላይ ወለድ አይታሰብልኝ» የሚል ደንበኛ እንግዳ አልነበረም። ነጋዴው ገንዘቡን ከሌባ የሚያስጠብቅበት ባንክ ይፈልጋል፤ ወለድ ግን በእስልምና ሐራም ነው። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ወደ 7 በመቶ ከፍ ሲል፣ 100 ሺህ ብር ያስቀመጠ ሙስሊም በዓመት 7 ሺህ ብር እያየ የሚተው ሰው ሆነ።

ይህ እንኳ ትንሹ ነው። ከባድ የነበረው ንግዱን ማስፋት ሲያምረው ነው። ከባንክ ካልተበደረ የሚቀረው ዕቁብ፣ ዘመድና ዱቤ ነው። ጎረቤቱ ሁለተኛ የጭነት መኪና በብድር ሲገዛ እሱ ዕጣው እስኪወጣለት ይጠብቃል።

ወለድን የሚጠየፈው ሙስሊሙ ብቻ አይደለም። በአበሻ ክርስቲያን ዘንድ አራጣ አበዳሪ ዛሬም ስሙ አይነሣም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በውል የሚወሰን ወለድ ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ልዩነቱ፣ ክርስቲያኑ መጠኑን እያየ ሲፈርድ ሙስሊሙ ከመነሻው አለመቀበሉ ነው።

ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በተለየ መስኮት እንዲሰጡ ፈቀደ። ራሱን የቻለ ከወለድ ነፃ ባንክ ግን አልተፈቀደም፤ ዘምዘም የተባለውን ባንክ ለማቋቋም የተጀመረው ጥረትም ለዓመታት ቆመ። የመስኮቱ መዝገብ ለብቻው ቢያዝም ጠንቃቃው አማኝ «ብሬ ከወለዱ ብር ጋር አይቀላቀልም ወይ?» ማለቱን አልተወም። ሙሉ ባንክ በ2011 ዓ.ም. ተፈቀደና ዘምዘም በ2013 ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም ተከተለ።

የነገሩ ፍሬ ያለው ሙራባሃ በሚባለው ውል ላይ ነው። ደንበኛው 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና ፈለገ እንበል። ባንኩ ገንዘቡን አይሰጠውም፤ መኪናውን ራሱ ይገዛና ትርፉን በግልጽ ነግሮ፣ ለምሳሌ በ2 ሚሊዮን 600 ሺህ፣ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ መልሶ ይሸጥለታል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ አይጨምርም። መኪናው ለደንበኛው ከመሸጡ በፊት የባንኩ ንብረት መሆን አለበት፤ በዚያ መሐል ቢቃጠል የሚከስረው ባንኩ ነው።

ተጠራጣሪዎች ታዲያ «600 ሺው ወለድ ካልሆነ ምንድነው?» ይላሉ። ጥያቄው ተራ ሰው ብቻ የሚያነሣው አይደለም። በዘርፉ ከፍተኛ ተሰሚነት ያላቸው ፓኪስታናዊው ዓሊም ሙሐመድ ተቂ ዑስማኒ ሳይቀሩ ሙራባሃ ጊዜያዊ መውጫ እንጂ የመጨረሻው ግብ እንዳልሆነ ጽፈዋል። እውነተኛው መንገድ ትርፍና ኪሳራን መካፈል ነው። ግን የነጋዴውን መዝገብ ሳያምን ከኪሳራው ሊካፈል የሚደፍር ባንክ ከየት ይገኛል?

እንግዲህ ሸክሙ የሚያርፈው ውሉን በሚያዘጋጀው ሠራተኛ ላይ ነው። ደረሰኙ በባንኩ ስም መውጣቱን ሳያይ፣ ብሩን በቀጥታ ለደንበኛው ቢለቅለት ሥራው ይፈጥናል፤ ወረቀቱም ከላይ ሲያዩት ያው ነው። ያኔ ግን ሽያጩ ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ተጠራጣሪዎቹም እውነታቸውን ነው። የሸሪዓ አማካሪ ኮሚቴ ኖረም አልኖረ፣ ዕቃው በትክክል መገዛቱን የሚያውቀው ይህ ሠራተኛ ነው። ባንኩ የሚያስቀረው ገበያም አለ፦ አልኮል ሐራም ስለሆነ የቢራ አከፋፋይ ምንም ያህል አስተማማኝ መያዣ ይዞ ቢመጣ ይመለሳል።

የደንበኛው ፈተና የሚመጣው መክፈል ሲዘገይ ነው። መደበኛ ባንክ በዘገየው ላይ የቅጣት ወለድ ይቆልላል። እዚህ ቅጣት ቢጣል እንኳ ለበጎ አድራጎት ይውላል እንጂ ባንኩ አያተርፍበትም። ስለዚህ ክፍያውን ሆን ብሎ የሚያዘገይ ነጋዴ የዋጋ ንረቱ ባየለ ቁጥር ይጠቀማል፤ ወሩ ሲደርስ ሳይጠሩት የሚከፍለው ደግሞ የሌላውን ጉዳት አብሮ ይሸከማል፤ ባንኩ ያንን ኪሳራ የሚያካክሰው በሚቀጥሉት ውሎች ትርፍ ላይ ጨምሮ ነውና።