የዘይቱን ፍሬና የልብስ ሰፊው ስፒል

ገደብ ላይ ዘይቱን በደረሰ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል። ልጆች ከነፍሬው ይውጡታል፣ እናቶች «ትፉት፣ ትርፍ አንጀት ይሆንባችኋል!» ብለው ይጮኻሉ። ጎረቤቴ እትዬም «አንተ ጤና ተምረሃል አይደል፣ እስቲ ንገርልኝ» አሉኝ። መልሴ ግን ለልጆቹ ሆነ።

ትርፍ አንጀት ጫፉ የተዘጋ፣ መግቢያውም መውጫውም አንድ የሆነ ቀጭን ቱቦ ነው። ሲደፈን ያብጣል፣ ይቆጣል። የሚደፍነው ግን ብዙውን ጊዜ የደረቀ ሰገራ ወይም ያበጠ የራሱ ዕጢ ነው፤ አንዳንዴም ወስፋት። ቱርክ ውስጥ 1,969 ቀዶ ጥገናዎች ሲታዩ የፍራፍሬ ፍሬ የተገኘው በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነው። በልቶ መሮጥ ያመጣዋል የሚባለውም ወሬ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ልብስ ሰፊው ሱሪ ሲለካ አይታችኋል? ሦስት አራት ስፒል በከንፈሩ ይዞ፣ በጥርሱ መሃል እያወራ፣ እየሳቀ። ሻርፕ የሚያስሩ እህቶቻችንም እንዲሁ።

በታሪክ የመጀመሪያው የተመዘገበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ሰበቡ ስፒል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1735 ለንደን ውስጥ ክላውዲየስ አምያንድ የተባለ ሐኪም የ11 ዓመት ልጅን ቡአ ሲከፍት፣ የተዋጠ ስፒል የበሳው ትርፍ አንጀት አገኘ። ማደንዘዣ ገና አልተፈለሰፈም ነበር። ልጁ ግን ዳነ!

እኛም አገር በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ከአንድ የአእምሮ ሕመምተኛ ሆድ 122 ሚስማር ወጥቷል። ጨጓራው አለመበሳቱ ዕድል ነው።

የተዋጠ ነገር ጨጓራን ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ በሰገራ ይወጣል። ሹል ከሆነ ግን ለማስታወክ አትሞክሩ፣ ቶሎ ራጅ ተነሱ፤ ብረት በራጅ ይታያል።

የትርፍ አንጀት ሕመም ብዙ ጊዜ እምብርት አካባቢ ይጀምርና ወደ ታች ቀኝ ጎን ይወርዳል። ምግብ ያስጠላል፣ ያስመልሳል፣ ያተኩሳል። እንዲህ ሲሆን ሆድ አታሹ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም አትስጡ። ከገደብ በይርጋጨፌ በኩል ዲላ ሆስፒታል እስኪደረስ መንገዱ ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ ማታ የጀመረው እስኪነጋ አይጠበቅም። መንገድ ላይ ድንገት ቀለል ቢለውም «ተሻለው» ብላችሁ እንዳትመለሱ፤ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል።