ዋጋው እስኪወርድ የሚጠብቅ ቤተ ሰብ

በየማኅበሩና በየእድሩ፣ ጠበሉ ተቀምሶ ዳቦው ተቆርሶ ጨዋታው ሲጀመር፣ ከሁሉ ይልቅ የሚነሣው ወሬ የቤት ነገር ነው። አንዱ «ገበያው ቀዝቅዟል፤ ዋጋው ሳይወርድ አይቀርምና ጥቂት እንታገሥ» ይላል። ሌላው ደግሞ «የዛሬውን ዋጋ ነገ አታገኘውም፤ ተበድረህም ቢሆን ግዛ» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም የሚናገሩት ከልባቸው ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም አንድ ነገር ሳይቆጥሩ ያልፋሉ። ይኸውም መጠበቅ ራሱ ዋጋ የሚከፈልበት መሆኑ ነው። ይህንንም ዋጋ የሚከፍለው የአባወራው ኪስ ብቻ አይደለም፤ እናትም ልጆችም በሚኖሩበት ቤትና በሚያድሩበት ስፍራ አብረው ይከፍላሉ።

ይህን በግልጥ ለማየት የሚፈልግ አንባቢ ቢኖር፣ ወደ አዲስ አበባ ምዕራብ፣ ወደ ኮልፌ ቀራንዮ ሄዶ በቀለበት መንገዱ ዳር ያለውን ቆሼን ይመልከት። ስሙ ከቆሻሻ የወጣ ነው። የከተማው ጥራጊ ረጲ በተባለው በዚህ ስፍራ መጣል የጀመረው በ1950ዎቹ ዓመታት ሲሆን፣ ያን ጊዜ ቦታው ከከተማው ዳር የራቀ ገጠር ነበር። ከተማው እያደገ መጥቶ ከበበውና ጥራጊው በሰው መንደር መካከል ተራራ ሆኖ ቆመ። በአጠገቡ ቀድሞ ዘነበ ወርቅ፣ በኋላ አለርት የተባለው ሆስፒታል አለ፤ ከሥጋ ደዌ ታክመው የዳኑ፣ ነገር ግን ወደ ትውልድ አገራቸው ለመመለስ ያልሆነላቸው ብዙ ሰዎች በዚያው ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፣ ልጅ ወልደው ኖረዋል። ሥራ ፍለጋ ከየአገሩ የመጣውና የመሀል ከተማው ኪራይ ያቃተውም ተጨመረባቸው። ሽታው የሚያስጨንቅ በመሆኑ ኪራዩ ይረክሳልና፣ «ለጥቂት ጊዜ ነው» ብሎ የገባው ሰው ዓመታት አለፉበት። ገሚሱ ጭቃ ቤት ነበር፤ ገሚሱም ላስቲክና ቆርቆሮ የለበሰ፣ ሌሊት ተሠርቶ ሲነጋ የሚገኝ ጨረቃ ቤት ነበር።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በዐቢይ ጾም፣ ቅዳሜ ማታ ያ የጥራጊ ተራራ ተንዶ በግርጌው ያሉትን ቤቶች ከነሰዎቻቸው ቀበራቸው። ሬሳ ሲወጣ ብዙ ቀን ሆነ፤ የሟቾቹም ቁጥር ከ110 በላይ ደረሰ። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የ3 ቀን ብሔራዊ ኀዘን ዐወጀ። የሚያሳዝነው ነገር፣ በ2008 ዓ.ም. ጥራጊው ወደ ሰንዳፋ እንዲሄድ ተደርጎ ነበር፤ ነገር ግን የዚያ አገር ገበሬዎች መሬታችንና ውኃችን ተበላሸ ብለው ስለ ተቃወሙ፣ መኪኖቹ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሰው ወደ ቆሼ መጡ። ጥራጊውን አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኀይል የሚያወጣው የረጲ ፋብሪካ የተመረቀው ደግሞ ከአደጋው በኋላ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የጠቀስኩት ኀዘን ለመቀስቀስ አይደለም። ሰዎቹ በዚያ የኖሩት ሽታውን ወድደው አልነበረም። የተሻለ ቤት እስኪገኝ ድረስ የሚጠባበቁበት ስፍራ ርካሹ እርሱ ነበር። ስለዚህ ቤት ለመግዛት የሚጠብቅ ሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው «ዋጋው መቼ ይወርዳል?» ብሎ ሳይሆን «እስኪወርድ የት ሆኜ ነው የምጠብቀው?» ብሎ ነው።

በከተማችን ስለ መጠበቅ ሲነገር የኮንዶሚኒየሙ ምዝገባ መነሣቱ አይቀርም። የመጀመሪያው ምዝገባ የተካሄደው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን ከ300 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። ሁለተኛው በሰኔ 2005 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በዚህም 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የተባሉ ክፍሎች ተለዩ። በ10/90 የተመዘገበው በየወሩ 187 ብር፣ በ20/80 ባለ አንድ መኝታ የመረጠው 274 ብር፣ ባለ ሦስት መኝታ የመረጠው 685 ብር በባንክ እንዲቆጥብ ተባለ። ብዙ ቤተ ሰብ ከልጆች ደብተርና ከበዓል በግ ቀንሶ ይህን ገንዘብ ሳያጓድል አስገብቷል። እኔ ራሴ ለተማሪዎቼ የወለድ ሒሳብ ሳስተምር ይህንኑ ምሳሌ በሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፤ 274 ብር በ7 ዓመት 23,016 ብር ይሆናል። ተማሪዎቹ ሒሳቡን ቶሎ ያገኙታል። ከዚያ በኋላ ግን አንዱ «የ7 ዓመት በኋላው ብር ከዛሬው ብር ጋር እኩል ነው ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ዋናው ጥያቄም እርሱ ነው።

ምዝገባው በተከፈተበት ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ 18 ብር ተኩል ነበረ፤ ስለዚህ 274 ብር ወደ 15 ዶላር ይመነዘር ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ያው 274 ብርም 3 ዶላር የማይሞላ ሆነ። የቤቱ ብረት፣ የአሳንሰሩ ዕቃ፣ የመብራቱ ሽቦ ከውጭ አገር በዶላር የሚመጣ ነውና፣ የቆጣቢው ትጋት ሳይጓደል የገንዘቡ ክብደት ቀለለበት።

ዕጣውም ቢሆን የራሱን ፈተና አመጣ። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. በወጣው 13ኛው ዙር 51,229 ቤቶች ዕጣ ወጣባቸው፤ ነገር ግን በኮዬ ፈጬ ባሉት ቤቶች ላይ የወሰን ክርክር ተነሥቶ ባለ ዕድሎቹ እንደገና እንዲጠብቁ ሆኑ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው 14ኛው ዙር ደግሞ በኮምፒዩተሩ መዝገብ ላይ ማጭበርበር ተገኝቶ ተሰረዘ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። በሐምሌ ስሙ ተጠርቶ እልል የተባለለት፣ በኅዳር ስሙ ያልተገኘ ሰው በቤቱ ምን እንዳለ መገመት አያስቸግርም።

አሁን ወደ ገበያው መቀዝቀዝ እንመለስ። በሌላው ዓለም የቤት ዋጋ በእውነት ይወድቃል። በአሜሪካ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2006 እስከ 2012 የቤት ዋጋ ከሩብ በላይ ወርዶ ነበር፤ በጃፓንም ከ1991 በኋላ የመሬት ዋጋ ከ10 ዓመት በላይ ሲወርድ ኖሯል። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ያን ጊዜ የታገሠው ሰው እንዴት እንደ ተጠቀመ ሲያወሩ ሰምተን፣ እኛም እንደዚያው እናደርጋለን እንላለን። ነገር ግን በመካከላችን ትልቅ ልዩነት አለ። በዚያ አገር ቤቱ በአብዛኛው በባንክ ዕዳ የተያዘ ነው፤ ባለቤቱ ወርኃዊውን ዕዳ መክፈል ሲያቅተው ባንኩ ቤቱን ወስዶ ባገኘው ዋጋ ይሸጠዋል፤ ዋጋውንም የሚጥለው ይህ የግድ ሽያጭ ነው። በእኛ ከተማ ግን ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ ዕዳ የለበትም። ገዢ ቢጠፋ ቤቱን አከራይቶ ወይም ዘግቶ ይቀመጣል እንጂ ዋጋ ለመቀነስ የሚያስገድደው የለም። ገንዘቡ በእጁ ከሚቀልጥበት ቤቱ ቆሞ ቢጠብቀው ይመርጣል።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ሲወስን፣ በብድር ለመግዛት ያሰበው ሰው በሩ ጠበበበት። እንዲህ ባለ ጊዜ በእኛ አገር የሚታየው ቅዝቃዜ የዋጋ መውረድ አይደለም፤ የዝምታ ዓይነት ነው። ደላላው ይደውላል፣ ሻጩ የተናገረውን ዋጋ አይለቅም፣ ገዢውም አይመጣም። ዋጋው በቁጥር እንደ ቆመ ሳለ የሌላው ነገር ሁሉ ዋጋ ስለሚጨምር፣ ቤቱ በስውር ይረክሳል ማለት ነው።

ይህን በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ቤት 3 ሚሊዮን ብር ተባለ እንበል፤ አንዱ ቤተ ሰብም 1 ሚሊዮን ብር ቆጥቧል። ገንዘቡ በባንክ በዓመት 7 በመቶ ቢወልድ ከ2 ዓመት በኋላ 1,144,900 ብር ይሆናል። ሻጩ ዋጋውን ሳይነካ ቢቆይ፣ ቀድሞ የቁጠባው ሦስት እጥፍ የነበረው ቤት ከሁለት እጥፍ ተኩል ጥቂት ከፍ ያለ ብቻ ይሆናልና ጠባቂው ተጠቅሟል። ዋጋው በየዓመቱ 20 በመቶ ከጨመረ ግን ቤቱ 4,320,000 ብር ስለሚሆን፣ ወደ አራት እጥፍ ተጠግቶ ከቤተ ሰቡ እጅ ይርቃል። በዚህ ላይ በወር 10,000 ብር ኪራይ ቢከፍሉ በ2 ዓመት 240,000 ብር ወጥቷል፤ ይህ ከወለዱ ይበልጣል። በ2014 ዓ.ም. የዕቃ ዋጋ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ጨምሮ እንደ ነበር ያስታወሰ ሰው፣ ወለድን ብቻ ተማምኖ መጠበቅ ምን እንደሆነ ይረዳል።

ስለዚህ የእኔ አሳብ እንዲህ ነው። ደኅና በሆነ ቤት በመጠነኛ ኪራይ የሚኖር፣ ገቢውም ከዓመት ዓመት የሚያድግ ቤተ ሰብ ገበያው ሲቀዘቅዝ ተረጋግቶ ቢመርጥና ቢከራከር ይጠቀማል፤ ዝም ያለ ገበያ ለገዢ የመመርመሪያ ጊዜ ይሰጠዋልና። ኪራዩ ደመወዙን የሚበላበት፣ ወይም ልጆቹ በወንዝ አፋፍና በገደል ሥር የሚያድሩ ቤተ ሰብ ግን የዋጋውን መውረድ ሊጠብቅ አይገባውም። ከከተማው ዳር ትንሽ ቢሆን፣ በወንድማማች ገንዘብ ተጋግዞ ቢሆን፣ ወይም ኪራዩ ቢጨምርም ወደ ደኅና ስፍራ ተዛውሮ ቢሆን አስቀድሞ ከአደጋው መውጣት ይሻለዋል። ለሚከራየውም ሰው በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ጥቂት መጠጊያ ሰጥቶታል፤ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ብዙ ተከራይ ግን ባለቤቱን አስቀይማለሁ ብሎ ውሉን ሳያስመዘግብ ይኖራል፤ ያልተመዘገበ ውል ይዞ በአዋጁ መጠቀም ደግሞ አስቸጋሪ ነው።

በቀዘቀዘ ገበያ አንድ የተለየ ወጥመድ አለ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ከተረከበ 5 ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጥ ሕጉ ከልክሎታል። ገንዘብ የቸገረው ባለ ዕድል ግን በውል ብቻ ይሸጥና ለገዢው ውክልና ይሰጠዋል። ዋጋው ከሌላው ስለሚረክስ፣ ብዙ የጠበቀው ሰው «አሁን ወረደልኝ» ብሎ ይቸኩላል። ነገር ግን በሕጋችን ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቀራል፤ ወካዩም በሕይወት ሳለ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ሻጩ በሞተ ማግሥት ወራሾቹ «ቤቱ የአባታችን ነው» ብለው ቢመጡ፣ ካርታው በሟቹ ስም ነውና ገዢው የሚቀርበው ባለቤት ሆኖ ሳይሆን ከሳሽ ሆኖ ነው። ቀብድ ከመክፈል በፊት ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳ ወይም እግድ እንዳለበት በክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ማጣራት፣ ሻጩ ባለ ትዳር ከሆነም የባልና የሚስት ሁለቱም ፊርማ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት እንዲፈረም ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ለማጣራት ቢበዛ ጥቂት ሳምንት ነው የሚወስደው።