ለሳፋሪ ሹፌር የሚሰጠው ጉርሻ አይደለም

የኬንያውን ማሳይ ማራ ወይም የታንዛኒያውን ሴሬንጌቲ ለማየት ያሰበ ሰው ስለ አንበሳውና ስለ ዝሆኑ ጠይቆ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያነሳት ጥያቄ አለች፤ ለሹፌሩ ስንት ይሰጣል? የምታሳፍረን "ጉርሻ" የሚለው ቃላችን ከነገሩ ጋር ስለማይገጥም ይመስለኛል። ጉርሻ ደስ ሲለን፣ ለወደድነው ሰው፣ ሳንቆጥር የምንሰጠው ነው። የሳፋሪ ሹፌር ግን (አብዛኛውን ጊዜ አስጎብኚውም እሱው ነው) ይህን ገንዘብ ከቤት ኪራይና ከልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ጋር አስልቶታል። ማራ ላይ ሥራ የሚጦፈው የዊልደቢስቱ መንጋ ወንዝ በሚሻገርበት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ረጅሙ ዝናብ በሚጥልባቸው ሚያዝያና ግንቦት ብዙ መኪና ይቆማል፣ አንዳንድ ካምፕም ይዘጋል። ስለዚህ እኔ ይህንን ገንዘብ በጎብኚው እጅ የሚያልፍ የደመወዝ ክፋይ ነው የምለው። ደመወዝ ከሆነ ደግሞ በየትኛው ገንዘብ፣ ለማን፣ እንዴት እንደሚሰጥ ከመነሳት በፊት ይታሰብበታል እንጂ በመጨረሻው ቀን ኪስ ተዳብሶ የተገኘው አይሰጥም።

ከገንዘቡ ዓይነት ልጀምር። ከዋሽንግተንም እንምጣ ከአዲስ አበባ፣ ዶላር መስጠት ክብር ይመስለናል። እስቲ አንዲት የ5 ዶላር ኖት ከእጃችን ከወጣች በኋላ ያለውን መንገዷን እንከተላት። መመንዘሪያ ቤት ያለው ሰው ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያያታል፣ ጠርዟን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፣ ዓመተ ምሕረቷን ያነባል። ቀለም ከነካት፣ ጥጓ ከተቀደደ ወይም ዕትሟ ከቆየ መልሶ ይሰጣል። ከተቀበላትም ኬንያም ሆነ ታንዛኒያ ለትንንሽ ኖት የሚከፈለው ዋጋ ለድፍን መቶው ከሚከፈለው ያንሳል። ሴሬንጌቲ መሃል የሚሠራ አስተናጋጅ ደግሞ እዚህ መስኮት ጋ ለመድረስ እንኳ እረፍቱ እስኪደርስና አሩሻ እስኪወርድ ይጠብቃል። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣችው ደንብ አገር ውስጥ የሚሸጥ ዕቃና አገልግሎት በውጭ ገንዘብ እንዳይተመንና እንዳይከፈል ስለከለከለች፣ ዶላሯ ሱቅም አታስገባውም። ያኛው መቶ ዶላር ለራሳችን ምንዛሪ ይሁን፤ ለሠራተኛው ሺሊንግ እንስጥ።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። የጉዞ ድርጅቶች በብዛት የሚመክሩት ለሹፌር አስጎብኚ ከአንድ ጎብኚ በቀን ከ10 እስከ 20 ዶላር፣ ለካምፑ ሠራተኞች በጋራ ከ5 እስከ 10 ዶላር ነው። አራት ሆነው ማራ ላይ አራት ቀን የሚቆዩ ሰዎች ዝቅተኛውን ቢይዙ ለሹፌሩ 160 ዶላር ይደርሳል፤ አንድ ዶላር በ129 የኬንያ ሺሊንግ ቢመነዘር 20,600 ገደማ፣ ማለትም ሃያ አንድ ባለ 1,000 ኖት መሆኑ ነው። ዝርዝሩን ናይሮቢ ሳሉ ውሃና ፍራፍሬ እየገዙ ማዘጋጀት ይሻላል። ካምፕ ውስጥ ድፍን ኖት ይዞ ዝርዝር መለመን ሁለቱንም ወገን ያሳቅቃል።

ለማን የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካምፑ እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ሣጥን የምግብ ቤቱን፣ የልብስ አጣቢውን፣ የሌሊት ጠባቂውን ነው የምታዳርሰው። ከናይሮቢ ይዞን የመጣው ሹፌር የጉዞ ድርጅቱ ሠራተኛ ስለሆነ ከሣጥኗ ሳንቲም አይደርሰውም፤ የእሱ ለብቻው በእጁ ነው። አሰጣጡ ላይም የኛ ጨዋነት ችግር አለበት። ገንዘብ አጣጥፈን፣ ስንጨባበጥ መዳፍ ውስጥ ሸጎጥ ማድረግ እንወዳለን። ኪሊማንጃሮ ላይ ይህ ልማድ ያስከተለውን ማየት ይበቃል፤ የሁሉም ገንዘብ ለዋናው መሪ በፖስታ ሲሰጥ፣ እስከ 20 ኪሎ ተሸክሞ የወጣው ወጣት ስንት እንደተሰጠለት ሳያውቅ ይቀራል። የተሸካሚዎቹን ጥቅም የሚከታተለው የኪሊማንጃሮ ተሸካሚዎች ድጋፍ ፕሮጀክት የሚመክረው የያንዳንዱ ድርሻ ሁሉም ባሉበት እንዲነገር ነው። ለኛ ነውር ይመስላል። ግን ምጽዋት ነው በስውር የሚሰጠው፤ ደመወዝ ተፈርሞበት ነው።

"ለመግቢያ ብቻ ይህን ያህል ከፍለን ደግሞ ሌላ?" የሚል አይጠፋም። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ማራ ለመግባት ከውጭ አገር የመጣ አዋቂ በቀን 200 ዶላር ይከፍላል፤ እውነትም ብዙ ነው። ይሁንና ገንዘቡ ጥብቅ ሥፍራውን ለሚያስተዳድረው ለናሮክ ካውንቲ ነው የሚገባው፤ መሪ ለጨበጠው ሰው አይደርስም። ሌላው "ኤምፔሳ ባለበት አገር ጥሬ ገንዘብ ምን ያደርጋል?" ይላል። ኤምፔሳ ከ2007 ጀምሮ የኬንያን ኪስ የቀየረ ነገር ነው፤ በፓስፖርት የወጣ የሳፋሪኮም መስመር ላለው ሰው፣ ለሹፌሩ በስልኩ መላክ እንዲያውም ከጥሬው ይመረጣል። ሣጥኗ ግን ስልክ የላትም።

ከሁሉም የሚከብደኝ ተቃውሞ፣ እኛ በሰጠን ቁጥር ቀጣሪው ደመወዝ ላለመጨመር ሰበብ ያገኛል የሚለው ነው። ልክ ነው፣ ያገኛል። ነገር ግን በመጨረሻው ቀን እጁን የሚሰበስብ ጎብኚ የሚቀጣው ቀጣሪውን አይደለም፤ ቀጣሪው ሒሳቡን ከወራት በፊት ተቀብሏል። ጫና የሚደረግበት ሰዓት ገንዘቡ ገና በእኛ እጅ ሳለ ነው። ቀብድ ከመላካችን በፊት ለድርጅቱ አንድ ጥያቄ እንጻፍለት፤ ሚያዝያ ላይ መኪናው ቆሞ ሲውል ለሹፌሩ ይከፈለዋል?