«ምን አድርገሽው ነው?» የማትል ባልንጀራ

ሰሊጥ ቀጠሮ አያራዝምም። ደርቆ አፉን ከከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የቋራና የመተማ ቆላ በአጫጅ ይጥለቀለቃል፤ «ሳሉግ» የሚባሉት ወቅታዊ ሠራተኞች ከደጋው ይወርዳሉ፤ የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ ገለጉም ከወትሮዋ ሌላ ትሆናለች። ስለ እነዚህ ወጣቶች ብዙ ይወራል፤ ስለ ወባው፣ ስለ ካላዛሩ፣ ስለ ቀን ሒሳቡ። የሚያበላቸው ማን እንደሆነ ግን እምብዛም አይነሳም። ውሃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትለቅም፣ የማሽላ እንጀራ ጋግራ ሽሮ ሠርታ ሠራተኛውን የምታበላ ሴት በየእርሻው አለች። ከተማው ውስጥ ደግሞ ሻይና ቡና የምታፈላ፣ ጠላ የምትጠምቅ አለች።

ከእነዚህ አንዷን እናስብ። የወረደችው ከባሏ ጋር ነው። እሱ ያጭዳል፣ እሷ ታበስላለች፤ የሁለቱንም ሒሳብ የሚቀበለው እሱ ነው። ሲጠጣ ይመታታል፤ ሳይጠጣ ደግሞ በሰው ፊት ያዋርዳታል። ይህች ሴት የማውቃት አንዲት ሰው አይደለችም፤ ብዙዎች በሚኖሩት ኑሮ ውስጥ በሐሳቤ ያስቀመጥኳት ናት። አጠገቧ ሻይ የምታፈላ ሌላ ሴት አለች፤ ሰውን ቀና ብላ የምታይ፣ ያልተከፈላትን ሒሳብ ሳታፍር የምትጠይቅ። መረዳት የምፈልገው በሁለቱ መካከል የሚሆነውን ነገር ነው። ሁለተኛዋ ለመጀመሪያዋ የምትሰጣት ምንድን ነው? ብዙ ሰው «ድፍረት ነው» ይላል፤ «ሞራል ነው» የሚልም አለ። እኔ ግን የምትሰጣት ርቀት ይመስለኛል፤ የራሷን ቁስል የሌላ ሰው ቁስል ይመስል ትንሽ ራቅ ብላ የምታይበት ርቀት።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት አንድ ቁጥር ልጥቀስ። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሴቶች አምስት ነገሮች ይጠየቃሉ። ሚስት ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል ወይም አብራው ለመተኛት እምቢ ብትል ባል መምታቱ ተገቢ ነው? እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ ሴቶች 85ቱ ቢያንስ ለአንዱ ምክንያት «አዎ» ብለው ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 63 ወረደ። በዚያው በ2016ቱ ጥናት «አዎ» ያሉት ወንዶች 28 ከመቶ ናቸው። ልዩነቱን ልብ በሉት። ዱላውን ተገቢ ነው የሚሉት ተመቺዎቹ ከመቺዎቹ ወገን በእጥፍ ይበልጣሉ።

ይህን ቁጥር «ሴቶች ራሳቸው ናቸው ጠላታቸው» ብሎ የሚተረጉም ሰው አላጣም። አልስማማም። መጀመሪያ ነገር፣ «መመታት ተገቢ ነው» የሚለውን ሕግ ለሴትዮዋ ያስተማረቻት የምትወዳት ሰው ናት። «ቻይው፣ ትዳር መቻል ነው» ያለቻት እናቷ ወይም አክስቷ ናት፤ ያለችውም ከክፋት አይደለም፣ ከዚያ ሌላ መንገድ ታይቷት ስለማያውቅ ነው። ገበና ወደ ውጭ አይወጣም፤ ቢወጣም ሽማግሌዎች ተቀምጠው አስታርቀው ወደዚያው ቤት ይመልሷታል። ሁለተኛው ግን የበለጠ ጥልቅ ነው፤ ብዙ ሰውም አያስተውለውም። ዱላው ምክንያት ካለው መከላከል ይቻላል ማለት ነው። «ወጡን ስላሳረርኩ ነው የመታኝ» ብላ ካመነች፣ ነገ ወጡን ባታሳርር አትመታም። ራሷን መውቀሷ ተስፋዋ ነው። ምክንያት የለውም ብላ ካመነች ግን የቀራት ፍርሃት ብቻ ነው። ጓደኛዋ ገና በመጀመሪያው ቀን «ምንም አላጠፋሽም!» ብላ ስትጮህባት ሴትዮዋ ደስ የማይላትና ዝም የምትለው ለዚህ ነው። ተስፋዋን እየነጠቀቻት ነውና።

ጎረቤት ሁሉ የሚጠይቀው «ምን አድርገሽው ነው?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ያንኑ ራስን መውቀስ ያጠነክረዋል። ብዙ ጊዜ ክፉ ታስቦ የሚጠየቅ አይደለም፤ ከ«እንዴት አደርሽ» ቀጥሎ በልማድ የሚመጣ ነው። ሻይ የምታፈላዋ ሴት ብርታቷ የሚጀምረው ይህን ጥያቄ ባለመጠየቅ ነው።

ታዲያ ምን ትጠይቃለች? መልሱን ከሩቅ ዘመን አገኘሁት፤ ቦታውም ከዚህ ቆላ ብዙ አይርቅም። ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1592 ከመኳንንት ቤት ተወለደች፤ ከአፄ ሱስንዮስ ሹማምንት አንዱ የሆነውን መልክአ ክርስቶስን አገባች፤ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። በ1672 ገላውዴዎስ የጻፈው ገድሏ እንደሚተርከው በመጀመሪያ ከባሏ ቤት ጠፍታ ስትወጣ እሱ ጦር አስከትሎ ተከተላት፤ እሷን ለማግኘትም አንድ ከተማ አጠፋ። በእሷ ሰበብ ሌላው እንዳያልቅ ብላ ተመለሰች። ሁለተኛ ጊዜ የወጣችው በ1617 በተገደሉት በጳጳሱ በአቡነ ስምዖን ሞት የባሏ እጅ እንዳለበት ካወቀች በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም።

የወጣችበት ዋናው ጉዳይ ሃይማኖት ነበር፤ ያንን ወደ ዘመናችን ቋንቋ ጠምዝዤ ማምጣት አልፈልግም። አንድ ነገር ግን አይኔ ውስጥ ቀርቷል። በእሷ ላይ የተደረገው፣ ማሳደዱ፣ አስገድዶ መመለሱ፣ ወደ ቤቷ መለሳት። ቁርጡን እንድታይ ያደረጋት በሌላ ሰው ላይ የተደረገው ነው። ያው ሰው ነው፣ ያው እጅ ነው፤ ሌላ ሰው ላይ ሲያርፍ ግን ታየ። በራሳችን ላይ ሲሆን የማናየውን በሌላው ላይ ሲሆን ወዲያው እናየዋለን። በተለይ «ቻይው» ተብላ ያደገች ሴት የመቻል ግዴታው በራሷ ላይ ብቻ እንጂ በልጇ ላይ እንዳለ አታስብም።

የዚያች ሻይ አፍይ ጥያቄም እንዲህ ይሆናል፦ «እህቴ፣ ልጅሽ አግብታ እንዲህ ብታድር ምን ትያት ነበር?» መልስ አትጠብቅም። ከሰሉን ታራግባለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች፣ ሌላ ወሬ ታነሳለች። ጥያቄው ይሠራል። ሴትዮዋ ማታ ስትተኛ ልጇን በዚያ ቤት ውስጥ ታያታለች፤ «ምን አድርጋው ነው?» ብላ አትጠይቅም፤ ትናደዳለች። ያ ንዴት ለራሷ ሊኖራት የሚገባው ንዴት ነው፤ ከልጇ ተበድራው እንጂ የራሷ ነው። ለራስ ክብር መስጠት ሲጀመር ቁጣ ሆኖ እንጂ ኩራት ሆኖ አይመጣም፤ ጓደኛዋ ይህን ካላወቀች «መረረሽ፣ ተበላሸሽ» ብላ ልታጠፋባት ትችላለች።

ወደ ወለተ ጴጥሮስ አንድ ጊዜ ልመለስ፤ የቀረ ነገር አለ። የዕድሜ ልክ ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስ ወደ እሷ የመጣችው ወለተ ጴጥሮስ ከባሏ ቤት ከወጣች በኋላ ነው። እኅተ ክርስቶስም ባሏን ትታ የመጣች ነበረች። ሁለቱ እስከ ሞት አብረው ኖሩ። ሱስንዮስ ወለተ ጴጥሮስን በካቶሊክ ሃይማኖት ጉዳይ አሻፈረኝ በማለቷ በምዕራብ በኩል ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ዠበይ ወደሚባል በረሃ ለሦስት ዓመት አጋዛት፤ ከመሠረተቻቸው ሰባት የገዳም ማኅበራት የመጀመሪያው የተጀመረው እዚያ ነው። በ1642 ስታርፍም ማኅበሩን የመራችው እኅተ ክርስቶስ ናት። ከዚህ የምረዳው መውጣትና ወጥቶ መቆየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። ለመውጣት አንድ ሌሊት ይበቃል። ወጥቶ ለመቆየት ግን ጠዋት ተነስቶ ቡና አብሮ የሚጠጣ ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ሴት ወጥታ የምትመለሰው ባሏ ስለናፈቃት ወይም ልቧ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን የመጀመሪያው ሳምንት ብቸኝነት ስለሚከብዳት ይመስለኛል። እንድትወጣ የሚገፋፉ ሰዎች አይጠፉም። ሰባተኛው ቀን ላይ የሚገኙት ጥቂት ናቸው።

እንዲህ ያለው የጓደኛ ሥራ ከፍቅር አልፎ በሕክምና ሚዛን ተመዝኖ ያውቃል። በዚምባብዌ ሐራሬ ከተማ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም ሐኪሞቹ ለሕዝቡ ስላልበቁ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የሠፈር ሴት አያቶችን አሠለጠኑ። መጀመሪያ 14 ነበሩ። በጤና ጣቢያ ግቢ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ የተጨነቀች ሴት መጥታ አጠገባቸው ትቀመጣለች። ሕመሙን የሚጠሩት በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ብለው ነው፤ ከመጠን በላይ ማሰብ ማለት ነው። እኛም «ሐሳብ ጨረሰኝ» የምንለው እሱን ነው። አያቶቹ ምክር አይደረድሩም። ሁሉንም ያዳምጡና ከችግሮቿ አንዱን ብቻ ራሷ እንድትመርጥ፣ የሚቀጥለውን እርምጃም ራሷ እንድታመጣ ይረዷታል። 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታተም ከስድስት ወር በኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ከሌሎቹ በእጅጉ ተሽሏቸው ተገኙ። እኔን የገረመኝ የአያቶቹ ደግነት አይደለም። «ራሷ ትምረጥ» የሚለው ነው። ባሏ ሁሉን የሚወስንላት ሴት ጓደኛዋም የምትወስንላት ከሆነ አለቃ ቀየረች እንጂ ምን አገኘች?

በራሷ የምትተማመን ጓደኛ ትልቁ ፈተናዋም ይኸው ነው። ብርታቷ ቸኩሎ ይወጣል፦ «እኔ ብሆን አንድ ቀን አላድርም!» እውነቷን ሊሆን ይችላል። የሰሚዋ ጆሮ ግን «አንቺ ከእኔ ታንሻለሽ» ብሎ ይሰማዋል። ባልን መስደብም እንዲሁ ነው፤ ሚስት የሰደበችውን ሰው ሌላ ሲሰድበው ትከላከላለች፣ ተከላክላም ትመለሳለች። ከሁሉም የከፋው አደጋውን አለማወቅ ነው። ሴት ልትወጣ ስትነሳና እንደወጣች ያለው ጊዜ ዱላው የሚብስበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ጓደኛዋ ምስጢር ትጠብቃለች፣ የት እንደምታድር አስቀድማ ታስባለች፣ የመታወቂያ ወረቀቷን ትደብቅላታለች። በቋራ ጉሙዞች ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቤተሰቦች ሴት ልጅ ተለዋውጠው የሚጋቡበት ባህል ስላለ አንዷ ብትወጣ የወንድሟ ትዳር አብሮ ይናወጣል። እዚያ «ተነሺና ውጪ» የምትል የሩቅ መካሪ ስለ አንዲት ሴት የምታወራ መስሏት ስለ አራት ሰው ኑሮ እየወሰነች ነው።

መተማመን የሚባለው ነገር ግማሹ የተፈጥሮ ጠባይ ሳይሆን በር ማወቅ ነው። ሻይ አፍይዋ ቀና ብላ የምትሄደው የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ የት እንደምትቀመጥ ስለምታውቅ፣ ፖሊስ ጣቢያ ገብታ ወጥታ ስለምታውቅ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል ብሎታል። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ በሥራቸው ያፈሩት የጋራ ነው፤ ለሁለቱም እኩል። በክልሉ ገጠር የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ ደግሞ የሚስት ስምና ፎቶ ከባሏ ጎን ይገባል። ይህን ደብተር አቅልለን እናየዋለን። ብዙ ሴት ግን ስሟ በመንግሥት ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ፊቷ ተለጥፎ ያየችው መጀመሪያ እዚያ ላይ ነው። ከአጨዳ ወደ አጨዳ የምትንከራተተዋ ሴት ደብተር የላትም፤ ለእሷ ያንን የሚተካው የእቁብ መዝገብ ሊሆን ይችላል። ጓደኛዋ በሳምንት ትንሽ ብር የሚጣልበት እቁብ ውስጥ በራሷ ስም ታስገባታለች፤ «የእገሌ ሚስት» ተብላ ሳይሆን በስሟ። እጣው ሲወጣ ስሟ በሰው መሐል ይጠራል።

ባልንጀራ የሚለው ቃል ውስጥ እንጀራ አለ፤ ቃሉን ስሰማ ሁልጊዜ የሚታየኝ እሱ ነው። በእርሻው ላይ ለሌላው የምትጋግረዋ ሴት የምትበላው ሁሉም በልቶ ከጨረሰ በኋላ የተረፈውን ነው፤ ያውም ቆማ። ሻይ አፍይዋ ወደ ከተማ በመጣች ቁጥር ሌላ ነገር ሳታወራ ታስቀምጣታለች፤ ትሪ ታቀርባለች፣ ትኩሱን ከፊቷ ታደርጋለች፣ «ብይ እንጂ» ትላታለች፤ አብራት ትበላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀመጥ ሴትዮዋ ጫፉን ትቆርሳለች፤ ተነስታ ዕቃ ለማጠብ ትሞክራለች። እንደገና ታስቀምጣታለች። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ መነሳቱን ትተዋለች።

አንድ ቀን ሒሳብ ሲከፈል የአጫጆቹ አለቃ ካቦው እንደልማዱ የሁለቱን ገንዘብ ለባሏ ሊቆጥር ሲጀምር ከወጥ ቤቱ በኩል ትመጣለች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትዘረጋለች። «የኔን ለኔ ቁጠርልኝ» ትላለች፤ ድምጿ ይንቀጠቀጣል። ካቦው ባሏን ያያል። እሷም ባሏን ታያለች። እጇን ግን አልመለሰችም።