ትሪለር ማለት ተኩስ አይደለም

የአምበር ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ የፊልም ጽሑፍ ነው። ከአገሬ ልጆች «እስቲ እየው» ተብለው የሚላኩልኝ ጽሑፎች ይመሳሰላሉ፦ ሽጉጥ፣ ማሳደድ፣ መጨረሻ ላይ «ገዳዩ ወንድሟ ነው»። ብዙ ሰው ልብ አንጠልጣይ ፊልም (ትሪለር) የሚሠራው ተመልካችን በማስደንገጥ ይመስለዋል። አይደለም።

1. ድንጋጤና ጭንቀት ይለያያሉ። የፊልም ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ለሙያ ባልደረባው ለትሩፎ እንዳስረዳው፣ ጠረጴዛ ሥር ያለ ቦምብ ሳይታሰብ ቢፈነዳ የምንደነግጠው ለአፍታ ነው። እኛ ቦምቡን አይተን ሰዎቹ ሳያውቁ ጨዋታ ከያዙ ግን በየደቂቃው እንጨነቃለን።

የእኛን መንገድ አስቡት። ሚኒባስ ከአምበር ወደ ደብረ ማርቆስ ሊነሳ ነው። እናት ልጇን ሸኝታ ትመለሳለች። ልጁን የሚፈልገው ደመኛ የኋላ ወንበር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። እኛ አይተነዋል፤ ልጁ አላየውም። ረዳቱ ሒሳብ ሲቀበል፣ አንዱ «ወራጅ አለ!» ሲል፣ ተራው ነገር ሁሉ ያስፈራል። አንድም ጥይት አልተተኮሰም።

2. ማምለጫውን ዝጉ። የሞገስ ታፈሰ ፊልም «ቁራኛዬ» (2019 እ.ኤ.አ.) ከሳሽና ተከሳሽን በአንድ ሰንሰለት አቆራኝቶ ወደ ፍርድ ያስኬዳል። ትሪለር ባይባልም፣ ውጥረት እንዴት እንደሚገነባ ለማየት ደጋግማችሁ እዩት፤ ባላንጣው ክንድ ርቀት ላይ ነው፣ መሸሻ የለም።

3. የመጨረሻው ምስጢር ፍንጩ ቀድሞ ይዘራ። ተመልካች ወደኋላ ሲያስብ ምልክቱን ካጣው፣ ተታለልኩ ይላል።

የጀመራችሁት ጽሑፍ ካለ የመጀመሪያውን ትዕይንት ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ተመልካቹ ከባለታሪኩ ቀድሞ የሚያውቀውንም ንገሩኝ። ጥያቄም ካላችሁ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ።